ደላላው አሁንም እዚያው ነው

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ፣ ፒያሳ ላይ አየሁት። ያው የድሮው ካፌ በር ላይ ቆሟል። በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው የቁልፍ ክምር ይዟል። አጠገቡ ወጣት ባልና ሚስት አሉ። ሚስትየዋ ነፍሰ ጡር ናት። እሱ ወደ ላይ፣ ወደ ጦሳ ተራራ በኩል እየጠቆመ ያስረዳል፣ ባልየው ራሱን ይነቀንቃል። የሚላቸውን አልሰማሁም። መስማትም አላስፈለገኝም። እኔንም እዚያው ቦታ አቁሞ፣ በዚያው ጣቱ ወደዚያው ጠቁሞልኝ ነበር።

ሦስት ዓመት ሆነው። በእኛ ላይ ያደረገውን አድርጎ፣ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ፣ ጥፋቱን በገዛ አፉ አምኖ፣ በሦስተኛው ቀን ሥራው ላይ ነበር። አንድ ቀን እንኳን አልታገደም። ስሙን አልጠራም፤ የምጽፈው እሱን ለማሳጣት አይደለም። አንድ ደላላ በሥራው ሲያጠፋ "ከዚህ ሥራ ገለል በል" የሚለው አካል ለምን እንደሌለን ሳስብ ስለከረምኩ ነው።

ታሪኩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ታላቅ እህቴ ሪያድ 11 ዓመት ሠርታለች። የሰው ቤት ነው። ደሞዟ 1,000 ሪያል ነበር። ከዚያ ላይ ቆጥባ፣ እናታችን ወርቋን ሸጣ፣ አዲስ አበባ ያለው ወንድማችን ጨምሮበት፣ በጥር 2015 ደሴ ላይ ቤት ለመግዛት በቃን። ውክልናውን በኤምባሲ በኩል ጨርሳ ላከችልኝ። ቤት መግዛት እንደምችል በግልጽ የተጻፈበት፣ ማህተሙ የተሟላ ውክልና ነው። በእሷ በኩል ያለው ሁሉ ሥርዓት ነበረው።

ደላላውን ያገኘሁት በሰው በሰው ነው። ጨዋ ይመስላል። ብዙ አያወራም፣ ስደውልለት ያነሳል፣ ሰዓት ያከብራል። መጀመሪያ ሦስት ቤቶች አሳየኝ፣ ሦስቱም የማይሆኑ። አንዱ እገዳ አለበት፣ አንዱ መኪና አያስገባም፣ አንዱ የወራሾች ጭቅጭቅ ያለበት ነው። አሁን ሳስበው የማይሆኑትን ያስቀደመው አራተኛው እንዲያምርብኝ ነው። አራተኛው ቤት አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ከበረንዳው ላይ ከተማው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወሩ ጥር ነው፣ ሰማዩ የጠራ፣ መሬቱ ደረቅ። አንዱ ክፍል ውስጥ ትልቅ ቁምሳጥን ግድግዳውን ተጠግቶ ቆሟል። ከኋላው ምን እንዳለ ልይ አላልኩም።

"የመጨረሻው ዋጋ 2,600,000 ነው" አለኝ። "አባባ ከዚህ ዝቅ አይሉም። ለዚህም ለምኜ ነው፣ ወንድም ዓለም።" ሻጩ ሽማግሌ ናቸው፤ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ሊወስዷቸው ነው። ቀብድ ዛሬ ካልተያዘ ነገ ሌላ ገዢ አለ ሲለኝ 250,000 ብር ከባንክ አውጥቼ በእጁ ሰጠሁት። አባባን አሟቸዋል፣ እኔ አደርስላቸዋለሁ አለ። ቀሪውን 2,350,000 በባንክ ለሻጩ አስገባሁ። ኮሚሽኑን 2 በመቶ፣ 52,000 ብር፣ እሱንም ከፈልኩ።

ውሉ ላይ የተጻፈው ግን 1,400,000 ነው። የቴምብር ቀረጡም፣ ሻጩ የሚከፍሉት ግብርም እንዲቀንስ ብሎ ነው። "ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው" አለን። እኔም ፈረምኩ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ካልጻፍኩት የቀረው ታሪክ አይገባችሁም። እውነተኛው ዋጋ ወረቀት ላይ ስላልሰፈረ በውሉ ቀን ሻጩም እኔም ስንት እንደተስማማን በአፋችን አላወጣነውም። እዚያ ክፍል ውስጥ ሁለቱን ዋጋ የሚያውቀው ደላላው ብቻ ነበር።

ሐምሌ ገባ። ደሴን የሚያውቅ የደሴን ሐምሌ ያውቃል፤ ጉሙን፣ ቀን ከሌት የማያባራውን ዝናብ፣ በየቦዩ የሚወርደውን ድፍርስ ውሃ። በወሩ ሦስተኛ ሳምንት ቁምሳጥኑ ቆሞበት የነበረው ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ወለሉ ተሰነጠቀ። ጣት ያስገባል። ቀለሙ ሲላጥ ከሥሩ የቆየ የሲሚንቶ ድፋኝ ወጣ። ከዚያ በፊትም ተሰንጥቆ፣ ተደፍኖ፣ ቀለም ተቀብቶ ነበር ማለት ነው። ጎረቤት ጠየቅኩ። "ይሄማ የቆየ ነው፣ በየክረምቱ ይከፈታል" አሉኝ።

ለሻጩ ደወልኩላቸው። የመለሱልኝ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። "ልጄ፣ እኔኮ ለደላላው ነግሬዋለሁ። ግድግዳው እንዲያ ስለሆነ አይደል እንዴ በ2,350,000 የተውኩት? ለእኔ ይህን ስጠኝ፣ ከላይ ያገኘኸው ያንተ ነው አልኩት።"

በአንድ ስልክ ሁለት ነገር አወቅኩ። ስንጥቁን ያውቅ ነበር። 250,000 ብሩም ከእሱ ኪስ አላለፈም። ከኮሚሽኑ ጋር 302,000 ብር ነው። በዚያን ጊዜ በባንክ ምንዛሬ አንድ ሪያል 14 ብር አካባቢ ነበር፤ የእህቴ የ21 ወር ደሞዝ ማለት ነው። ለሦስት ሳምንት አልነገርኳትም። ደውላ "ቤታችንስ? ክረምቱን እንዴት ያዘው?" ትለኛለች። እኔ "አብሽሪ፣ ደህና ነው" እላለሁ።

ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሃል፣ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የመሬት መንሸራተት ለደሴ ሰው አዲስ ወሬ አይደለም። ስለዚህ እዚህ ከተማ ቤት የሚያሻሽጥ ሰው ከካርታውም፣ ከመኪና መግቢያውም በፊት መናገር ያለበት መሬቱ ይዞ የቆመ መሆን አለመሆኑን ነው። ዝም ማለቱ ከዋሸው ውሸት ይበልጥ ያስቆጨኛል።

ከዚያ መዞር ጀመርኩ። መጀመሪያ የሄድኩበት ቢሮ ሰውየው ፈቃድ እንዳለው ፈተሸልኝ። የለውም። ሠራተኛው በትህትና ነው ያናገረኝ። "ፈቃድ ከሌለው ምኑን እንሰርዝበታለን? ሱቅ የለው፣ ምኑን እናሽግ?" አለኝ። ደንግጬ ወጣሁ። ፈቃድ አውጥቶ፣ ግብር እየከፈለ የሚሠራው ደላላ ቢያጠፋ የሚነጠቀው ነገር አለው። ምንም የሌለው ደግሞ ምንም አይነካውም። ያለ ፈቃድ መነገድ ራሱ በሕግ የሚያስጠይቅ ነው፤ ግን በየካፌው በር ለሚቆመው ደላላ ያንን የሚያነሳበት ሰው አላየሁም።

ሁለተኛው ቢሮ ውሉን አየ። "እዚህ ላይ 1,400,000 ይላል። አንተ 2,600,000 ከፍያለሁ ትላለህ። በየት?" የባንኩን ደረሰኝ አሳየሁ። እሱ የሚለው 2,350,000 ነው። የቀብዱ ወረቀት የለም።

ጠበቃ የሆነ ጓደኛዬ በትዕግሥት አስረዳኝ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ማታለልን ሲደነግግ ሐሰት መናገርን ብቻ አይደለም የሚያነሳው፤ መግለጥ የሚገባን ነገር መደበቅንም ይጨምራል። ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው፣ እንደ ነገሩ ሁኔታ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል፣ መቀጮም አለው። "እና መንገድ አለህ" አለኝ። "ግን ሽማግሌው ከአዲስ አበባ መጥተው ይመሰክሩልሃል? አንተስ ዋጋ ማስቀነስህን ችሎት ፊት ቆመህ ትናገራለህ?" ዝም አልኩ።

እህቴ በመጨረሻ ስትሰማ አለቀሰች፣ ከዚያ "ፍርድ ቤት ይቅርብኝ፣ ሽማግሌ ላኩ" አለች። ወሎ ነን። አበጋር የሚባለው አስታራቂ ሽማግሌ ተቀምጦ ደም የተቃባ ሰው የሚታረቅበት አገር ነው፤ ሽማግሌ የማይፈታው ነገር የለም ተብለን ነው ያደግነው። አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አንድ ሐጂ፣ አንድ ቄስ፣ ሁለት የሰፈር ትልልቅ ሰዎች ሆነው፣ ቡና ተፈልቶ ተቀመጥን። ደላላው መጣ። መጀመሪያ ካደ። ሊምል ሲል ሐጂው "ልጄ፣ ተው፣ አትማል" አሉት። ድምፃቸውን እንኳን አላነሱም። እሱ አቀረቀረ። "ሸይጣን አሳስቶኝ ነው። ልጆች አሉኝ" አለ። 60,000 ብር መለሰ፣ ሌላው ወጪ ሆኗል አለ። አውፍ፣ ይቅር ተባባልን። ቄሱ መረቁ፣ ሐጂው ዱዓ አደረጉ። በዚያች ሰዓት ከልቤ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ዛሬም ቂም የለኝም።

ሰኞ ጠዋት ካፌው በር ላይ ቆሞ አየሁት። ከአንድ ሰውዬ ጋር እያወራ ነበር።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሽምግልና የተጣሉ ሁለት ሰዎችን ያስታርቃል። ነገ የሚመጣውን ሦስተኛ ሰው ግን አያውቀውም። ፍርድ ቤት ብሄድም የሚፈርደው ስለ እኔ ገንዘብ ነው። ፖሊስም የሚጠይቀው ስለተፈጸመው ወንጀል ነው። "ይህ ሰው ከነገ ጀምሮ የሰው ቤት ማሻሻጥ አለበት ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ አንድም ቦታ አላገኘሁም። የዲሲፕሊን እርምጃ የሚባለው ነገር ሥራው ይኼ ነው። ገንዘቤን ላያስመልስልኝ ይችላል። ከእኔ በኋላ የሚመጣውን ሰው ግን ያድነዋል።

ሌሎች ሙያዎች ይህን ያውቁታል። ጠበቃ ደንበኛውን ቢበድል ከፍርድ ቤቱ ክስ ሌላ በዲሲፕሊን ይጠየቃል፤ ፈቃዱ ሊታገድ፣ ሊሰረዝ ይችላል። ለዚያ አዋጅ አለው፣ 1249/2013። ሾፌር መንጃ ፈቃዱን ይነጠቃል። ከፒያሳ ሆጤ ሰፈር የሚያደርሰኝ ባጃጅ እንኳን የጎን ቁጥር አለው፤ ቢበድለኝ ቁጥሩን ይዤ የምሄድበት አላጣም። የ2,600,000 ብር ቤት ያገዛኝ ሰው ግን ከስልክ ቁጥሩ በቀር ምንም ቁጥር አልነበረውም። ሲም ካርድ በቀየረ ማግስት እሱም የለም።

ሕጉ ደላላን አያውቀውም እንዳይባል ያውቀዋል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ተዋዋዮችን የሚያገናኘውን ሰው ደላላ ብሎ ተርጉሞ ነጋዴ ነው ብሎት ነበር። ግን መሃል ላይ ሌላ ነገር መጣ። በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ ቤት አከራይቶ መብላትም ተከለከለ። የሚከራይ የግል ቤት ከሌለ፣ ትርፍ ቤት መያዝ ከተከለከለ፣ የቤት ደላላ ምን ሊያገናኝ ነው? እስከ 1983 ድረስ እንዲህ ቆየ። ከዚያ በኋላ ገበያው ሲከፈት ሥራው ያለ ማኅበር፣ ያለ መዝገብ፣ ያለ ታላቅና ታናሽ ከመንገድ ላይ እንደገና ተጀመረ። እኔ እንደሚመስለኝ የዛሬው መላ ቅጥ ማጣት ግማሹ ከዚያ የመጣ ነው። የቤቱ ዋጋ ሚሊዮን ሲገባ አሠራሩ እዚያው መንገድ ላይ ቀረ።

እህቴን የበለጠ ያንገበገባት ሌላ ነው። እኛ እዚህ ቤቱን በገዛንበት በዚያው በጥር 2015፣ እሷ በምትሠራበት አገር በሳዑዲ አዲስ የሪል እስቴት ድለላ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። "ፋል" የሚባል ፈቃድ የሌለው ሰው መደለል አይችልም። የድለላው ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። በጽሑፍ ሌላ ስምምነት ከሌለ ኮሚሽኑ 2.5 በመቶ ነው፣ አለቀ። ያጠፋ ደላላ መጀመሪያ ይገሠጻል፣ ወይ ፈቃዱ እስከ አንድ ዓመት ይታገዳል፣ ወይ ጭራሽ ይሰረዛል፣ እስከ 200,000 ሪያል ይቀጣል። "እኔ በላቤ ያመጣሁት ብር እዚያ ቢሆን ጠያቂ ነበረው። አገሬ ሲደርስ ጠያቂ አጣ" አለችኝ። ምን ልበላት?

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ደግሞ ደላላ የደንበኛን ገንዘብ ከራሱ ገንዘብ ጋር መቀላቀሉ ብቻውን ፈቃዱን ሊያስነጥቀው ይችላል። አልበላሁትም፣ እመልሳለሁ ቢልም አያድነውም። የእኔን ቀብድ አስቡት። ሰው ቤት ከመግዛቱ በፊት የደላላውን ስም ኢንተርኔት ላይ አስገብቶ ከዚህ በፊት ተቀጥቶ እንደሆነ ያያል። ደላላው አጭበርብሮ፣ ተፈርዶበት፣ የሚከፍለው ቢያጣ እንኳን ከደላሎቹ የፈቃድ ክፍያ የተጠራቀመ ሣጥን አለ፤ ለተበዳዩ በአንድ ግብይት እስከ 50,000 ዶላር ይክሳል። ሩቅ ነው ካላችሁ ጎረቤታችን ኬንያም የቤት ወኪሎችን የሚመዘግብ ቦርድ በሕግ አቋቁማለች።

አሁን ስለ ጥሩዎቹ ልናገር፤ ዝም ብል ግፍ ይሆንብኛል። ኮምቦልቻ ውስጥ ጋሼ የምላቸው አንድ የቤት ደላላ አሉ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በዚህ ሥራ ነው ልጅ ያሳደጉት። የእኛ ጉድ ከደረሰ በኋላ ሰው አገናኝቶኝ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ አገኘኋቸው። ባለ መስመር ደብተር አላቸው። ሻጭ ሲመጣ "ስንት ትፈልጋለህ?" ይሉና ዋጋውን ጽፈው ያስፈርሙታል። ያንኑ ገጽ ገልጠው ለገዢው ያሳዩታል። ቤቱ ችግር ካለበት ከሥሩ ይጽፉታል። ውሃ ያስገባል፣ ወራሽ አለበት፣ የኮሪደር ልማቱ መስመር ይነካዋል፣ ምንም ይሁን ይጽፉታል። ቀብድ በእጃቸው አይነኩም።

"ታዲያ ገበያው እንዴት ነው?" አልኳቸው።

"ቀዝቅዟል" አሉኝ። "እኔ ስንጥቁን ስናገር ገዢው ይሸሻል። ያኛው ቀለም ይቀባና ይሸጠዋል። ሻጩም ይህን ሲያይ ወደሱ ይሄዳል። ልጄ፣ ሌባውን ዝም ባላችሁት ቁጥር የምታስርቡት እኔን ነው።"

ይህን ከሰማሁ ወዲህ ስለ ደላላ የማስበው ተቀየረ። ደላላ ሁሉ ሌባ ነው ማለት ለሌባው ነው የሚመቸው። ሁሉም አንድ ከሆነ እሱም ከሌላው አይለይም።

ጋሼ ስለ ኮምቦልቻ የነገሩኝ ደግሞ ከቤት ሽያጭም ይብሳል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩ የሚመጡ ወጣት ሴቶች ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። አንዳንድ ደላላ ያስገባቸውና ኮሚሽኑን ይቀበላል። ስድስት ወር ሳይሞላ አከራይዋ ጋ ይሄዳል። "እትዬ፣ 1,000 ብር የሚጨምር አለኝ" ይላቸዋል። ልጆቹ ይወጣሉ፣ አዲሶቹ ይገባሉ፣ እሱ እንደገና ኮሚሽን ይበላል። ፍራሻቸውን ተሸክመው ለወጡት ልጆችም ሌላ ቤት የሚፈልግላቸው እሱ ነው፣ ከእነሱም ይቀበላል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ፣ 1320/2016፣ የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ይላል። ክልሎች በየከተማቸው ሥራ ላይ ሲያውሉት ለነዚህ ልጆች ትልቅ ነገር ነው። ግን አዋጁ የሚያስበው አከራይንና ተከራይን ነው። መሃል ቆሞ የሚያፈናቅለው ሰው አሁንም ቁጥር የለውም።

ከከተማው ዳር ያለው የእርሻ መሬትም አለ። 200 ካሬ፣ 300 ካሬ እየተባለ በጥቁር ገበያ ይቆረጣል፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበታል፣ "በቅርቡ ወደ ከተማ ይካለላል፣ ካርታ ይወጣለታል" ይባላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሏል። ይህን ደላላው ያውቃል። ገዢው ከአረብ አገር ብር የላከች ልጅ ናት። ግሬደር የመጣ ቀን ወረቀቷን ይዛ የምትሄድበት የለም። እሱ ግን ኮሚሽኑን ከተቀበለ ቆይቷል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፣ ግን ሦስት ዓመት አስቤበታለሁ። የምለው ከከተማችን አቅም በላይ አይደለም። ደሴም ኮምቦልቻም የቤት ደላላን ይመዝግቡ። ፎቶውና ቁጥሩ ያለበት መታወቂያ አንገቱ ላይ ይንጠልጠል። ሻጩ የጠየቀው ዋጋና ገዢው የሚከፍለው ዋጋ በአንድ ወረቀት ላይ ይስፈር፣ ደላላውም ይፈርምበት። ውል ስንዋዋል "ደላላው ማን ነው?" ተብሎ ይጠየቅ፣ ቁጥሩ ውሉ ላይ ይጻፍ። ዛሬ የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ካልሆነና አዋዋይ ፊት ካልተመዘገበ ጣጣው ብዙ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ያመጣው ልማድ ነው። በዚያው ወረቀት ላይ አንድ መስመር መጨመር ማንንም አይጎዳም። ያ መስመር ሲጻፍ ደላላው እዚያ እንደነበረ ይታወቃል። አሁን የእኔን ውል ብታነቡት ግን ደላላ የሚባል ሰው ጭራሽ ያልደረሰበት ይመስላል።

ከዚያ አቤቱታ የሚሰማ ኮሚቴ ይኑር። ጋሼን የመሰሉ አንድ ሁለት አንጋፋ ደላላ፣ አንድ የሕግ ባለሙያ፣ አንድ የነዋሪ ተወካይ ይቀመጡበት። ሰውየው ይጠራ፣ ራሱን ይከላከል። ሳይሰሙ መቅጣት ሌላ በደል ነው። ጥፋቱ ቀላል ከሆነ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው። ዋጋ ደብቆ ከሆነ የወሰደውን ይመልስ፣ ለወራት ይታገድ። አንድ ቤት ለሁለት ሰው ሸጦ ከሆነ ወይ የሚያውቀውን አደጋ ደብቆ ሰው ውስጥ ካስገባ ቁጥሩ ይሰረዝ። ውሳኔውም በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሰው የሚፈራው ይህንን ነው። የእኛ ደላላ 60,000 ብር መመለስ ያን ያህል አልከበደውም። ለሽማግሌዎቹ ደጋግሞ የለመናቸው "ስሜ እንዳይወጣ" ብሎ ነው።

"ሥራ ፈት ወጣት የሚበላው እንጀራ ነው፣ አትዝጉበት" የሚሉኝ አሉ። ይገባኛል። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንቱ ሱቅ ተዘረፈ፣ ስንቱ ሥራውን አጣ። ከዚያ በኋላ ወደ ድለላ የገባ ብዙ ልጅ አውቃለሁ፣ ጎበዝና እውነተኛ ልጆች ናቸው። እነሱ ቁጥር ቢሰጣቸው የሚጠሉት አይመስለኝም። የጠየቅኳቸው ሦስቱም "እባክህ ይምጣ" ነው ያሉኝ፤ አንዱ እንዲያውም ሰው ቤት ሲያስገቡት ሌባ መስሎ መታየቱ እንዳንገሸገሸው ነግሮኛል።

እህቴ ባለፈው ዓመት ጠቅልላ መጥታለች። የተሰነጠቀውን ክፍል ዘግተነዋል፣ በጓሮ በኩል ውሃ ማስወገጃ ቦይ ቆፍረናል። ስንጥቁ ጫፍ ላይ በየክረምቱ በእርሳስ ቀን እጽፋለሁ። ሐምሌ 2016፣ ሐምሌ 2017። አሁን ከመስኮቱ በላይ ወደ ጣሪያው ማደግ ጀምሯል።

ቅዳሜ ዕለት ዝም ብዬ አላለፍኩም። ደላላው ስልክ ተደውሎለት ራቅ ሲል ወደ ባልና ሚስቱ ጠጋ አልኩ። "ይቅርታ፣ ቤት ልታዩ ነው? ሻጩን ለብቻ አግኟቸውና ዋጋውን ከአፋቸው ስሙ። ቀብድ በእጅ እንዳትሰጡ። ግድግዳው ላይ የተጠጋ ዕቃ ካለ አስነሱና እዩ" አልኳቸው። በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት።

ባልየው ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። "አንተስ የማን ደላላ ነህ?" አለኝ።

አልተቀየምኩትም። እኔም በ2015 አንድ የማላውቀው ሰው እንዲህ ብሎ ቢጠጋኝ ገበያ ሊያበላሽ የመጣ ተፎካካሪ ነው ብዬ እገምት ነበር። ይኸው ውሳኔው፣ ይኸው ስሙ የተለጠፈበት ሰሌዳ ብዬ የማሳየው ነገር አልነበረኝም። የእኔ ቃል ብቻ ነው፣ የእሱም ቃል አለ። ደላላው ስልኩን ጨርሶ መጣ። አየኝ፣ ትንሽ ደነገጠ፣ ሰላም አለኝ። እኔም ሰላም አልኩት። ሦስቱም ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ባጃጁ ወደ ላይ ሲዞር ሚስትየዋ አንገቷን መልሳ አየችኝ።